የመቶ አርባ ቁጥር ባለቤት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፤ በየዓመቱ ፊታቸው ተንበርክኬ ቁጣዬንና ሐሜቴን ስዘረዝር ይህን አልፌው ነው የምነሣው። ሐሜትን መናዘዝ ይቀላል፣ ሁሉም ሰው ያማል። ይህን ግን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ የማውቀውም እኔ ብቻ ነኝ። ካልተናገርኩ የሚያወጣብኝ እንደሌለ እያወቅኩ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቤቱ አይደለም። የገበሬው የመሬት ይዞታ የሚመዘገብበት ነው ብል ይበቃል። የማን ማሳ ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ አዋሳኙ ማን እንደሆነ፣ እኛ ኮምፒውተር ላይ ተጽፎ ይገኛል። በእኛ አገር በድንበር ሰው ይጋደላል። እንግዲህ በዚያ መዝገብ እጁን አስገብቷል የተባለ ሰው ምን ዓይነት ኑሮ እንደሚኖር እናንተው ገምቱት።

የበደልኳቸውን ሰው አያ ደሴ ልበላቸው። መዝገብ ቤቱን እኔ ሳልቀጠር ጀምሮ የያዙት እሳቸው ነበሩ። በልጅነታቸው የአብነት ትምህርት ተምረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ቅኔ ቤት ገብተው፣ ዘግይተው ነው ወደ አስኳላ የመጡት። ጽሕፈታቸውን ያየ ሰው የማተሚያ ቤት ሥራ ነው ይላል። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ደረጃ ሲወጡ መደገፊያውን ይዘው መካከል ላይ ያርፋሉ፣ ስናልፋቸውም «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ» ይሉናል። በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊም ነበሩ። ባሕር ዳር የምታስተምር ልጃቸው ያገለገለ ላፕቶፕ ልካላቸው፣ በምሳ ሰዓት ቢሮ ቁጭ ብለው የምእመናኑን ስም ከባሕር መዝገቡ ወደ እሱ ይገለብጡ ነበር፣ በሁለት ጣት። የኔትወርክ ገመድ ሰክተውበት አያውቁም። እኔ ይህን አውቃለሁ፤ ገመድ የት እንደሚሰካ እንኳ የጠየቁኝ ቀን የለም።

ጥፋቴ የጀመረው አንድ አርብ ቀን ነው።

ኔትወርክ ላይ ያለ ኮምፒውተር ሁሉ ቁጥር አለው፤ አይፒ አድራሻ እንለዋለን። የእኛ ቤት ቁጥሮች ከአንድ እስከ ሁለት መቶ ሃምሳ አራት ነበሩ፣ ሁሉም በአንድ መስመር ላይ። አዲሱ የባለጉዳይ አዳራሽ ሲከፈት፣ መዝገብ ቤቱ ከአዳራሹ ይለይ ተባለ። ቁጥሩን ለሁለት ከፈልኩት። እስከ መቶ ሃያ ስድስት ያለው መዝገብ ቤት ቀረ፤ ከመቶ ሃያ ዘጠኝ በላይ ያለው ወደ አዳራሹ ሄደ። በመካከላቸው ራውተር አቆምኩ፤ ከአንዱ መስመር ተቀብሎ ወደ ሌላው የሚያሻግር መሣሪያ ነው።

የቀረኝ ሥራ በመዝገብ ቤቱ ኮምፒውተሮች ላይ እየዞርኩ ማስካቸውን መቀየር ነበር። ማስክ ለኮምፒውተሩ የሰፈሩን ወሰን የሚነግረው ቁጥር ነው፤ እስከዚህ ያለው ጎረቤትህ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ላለው ግን በራውተሩ በኩል ላክ ይለዋል። ካልተቀየረ ኮምፒውተሩ አዳራሹም እንደ ድሮው አንድ ክፍል ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ሠላሳ ገደማ ኮምፒውተር ነበር፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። እኔ ደግሞ በማግሥቱ አንበሳሜ ከተማ የአክስቴ ልጅ ሰርግ ነበረብኝ፣ የከሰዓቱ ሚኒባስ ሊያመልጠኝ ነው። ሠላሳውን ኮምፒውተር ትቼ ራውተሩ ላይ አንድ መስመር ጻፍኩ።

ያ መስመር ፕሮክሲ አርፕ የሚባለውን ነገር የሚያበራ ነው። ኮምፒውተር ለጎረቤቱ አንዳች ነገር ሲልክ አስቀድሞ በክፍሉ ውስጥ ይጣራል፤ ይህን ቁጥር የያዝክ ማን ነህ፣ የመሣሪያህን መለያ ስጠኝ ይላል። ጥሪው አርፕ ይባላል። የቁጥሩ ባለቤት ሰምቶ ይመልሳል። ባለቤቱ ከራውተሩ ወዲያ ከሆነ ግን አይሰማም፣ ይህ ጥሪ ራውተር አይሻገርምና። ፕሮክሲ አርፕ ሲበራ ራውተሩ በዚያ በሌለው ፈንታ ይመልሳል፤ የራሱን መለያ ይሰጥና የመጣውን ተቀብሎ ያሻግራል። እኔ ባደግኩበት መንደር ከወንዝ ማዶ ሰው ሲጣራ፣ የተጠራው ካልሰማ መካከል ላይ ያለው ጎረቤት «ወይ!» ይልለታል። ጎረቤት ግን ቀጥሎ «እሱ የለም፣ ምን ልበልልህ?» ይላል። ራውተሩ እንዲህ አይልም። እሱ እኔ ነኝ ነው የሚለው፣ ጠሪውም ያምነዋል።

ማብራቱ የደቂቃ ሥራ ነው። ራውተሩ ውስጥ ትገባላችሁ፣ ወደ መዝገብ ቤት የሚሄደውን ፖርት፣ የገመዱን መሰኪያ፣ ትመርጣላችሁ፣ ትእዛዟን ጽፋችሁ ታስቀምጣላችሁ። ለማጥፋት ያችኑ ትእዛዝ ከፊቷ የእምቢታ ቃል ጨምራችሁ ትደግሟታላችሁ። አንዳንዱ ራውተር ከፋብሪካው በርቶ ነው የሚመጣው፤ ጠንቃቃ ባለሙያ መጀመሪያ የሚያደርገው እሱን ማጥፋት ነው፣ የሰው ስህተት ይሸፍናልና። ማስኩ የተበላሸ ኮምፒውተር ምንም እንዳልጎደለው ሆኖ ይሠራል፣ ማንም አይጠይቅም። እኔ ይህን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ራውተሩ አዲስ ሲመጣ በገዛ እጄ ያጠፋሁትን ነው በገዛ እጄ ያበራሁት። ማስታወሻ አልጻፍኩም። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የአድራሻ ዝርዝርም አላደስኩም። ሰኞ አስተካክለዋለሁ ብዬ ወደ ሰርጉ ሄድኩ። ሰኞ ስመለስ ሁሉም ይሠራል፣ የጠየቀኝም የለም፤ ተውኩት።

እስካሁን ያለው ስንፍና ነው። ስንፍና ብቻ ቢሆን ይህን ባልጻፍኩ።

ሦስት ወር ያህል አለፈ። አንድ ጠዋት የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ አቶ መላኩ እኔን ሳይጠብቅ አዲስ ኮምፒውተር ራሱ ሊተክል ተነሣ። ግድግዳ ላይ ያለውን አሮጌ ዝርዝር አየ፣ መቶ አርባ ቁጥር ባዶ ሆኖ አገኘው፣ ሰጠው። ኮምፒውተር አዲስ ቁጥር ሲሰጠው ይህን የያዘ አለ ወይ ብሎ ይጣራል፤ የመለሰ ከሌለ ቁጥሩ የእሱ ይሆናል። መቶ አርባን የያዘ በግቢያችን ውስጥ አንድም መሣሪያ አልነበረም። አዳራሹም ውስጥ የለም። የእኔ ራውተር ግን ወደ አዳራሹ ስለሚመደብ ቁጥር ሁሉ፣ ባለቤት ይኑረው አይኑረው፣ እንዲመልስ ታዟል። መለሰ። ኮምፒውተሩም ይህን አድራሻ ሌላ መሣሪያ ይዞታል የሚል ማስጠንቀቂያ አወጣ።

አቶ መላኩ በቅርቡ ስለ መረጃ ደኅንነት ሥልጠና ወስዶ የመጣ ሰው ነው። ተደብቆ የተሰካ መሣሪያ አለ አለ። በዚያው ሳምንት ደግሞ አንድ ገበሬ፣ በእጄ ባለው የይዞታ ደብተር ላይ ያለው ልኬትና እናንተ ጋ ያለው አይገጥምም ብሎ አቤቱታ አስገብቶ ነበር። የገበሬው ተከራካሪ የአያ ደሴ የአጎት ልጅ ነው። አያ ደሴ ደግሞ በምሳ ሰዓት የግል ላፕቶፕ ይከፍታሉ። ምሳ ሳይደርስ ግቢው ሁሉ ሲንሾካሾክ ዋለ።

ኮሚቴ ተቋቋመ። አያ ደሴ ተጠሩ፤ ገመድ አልሰካሁም፣ መዝገቡንም አልነካሁም አሉ። እንግዲያው ይማሉ ሲባሉ አልምልም አሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ ምዬ አላውቅም፣ ቃሌ ካልታመነ መሐላዬም አይታመንም ብለው ተቀመጡ። እሳቸውን የሚያውቅ ሰው ይህ ከቄስ ትምህርት የመጣ መሆኑን ያውቃል። ኮሚቴው ግን ንጹሕ ሰው ምን አስፈራው ብሎ ተረጎመው። የቀረው የእኔ ቃል ሆነ፤ የባለሙያ አስተያየት በጽሑፍ አቅርቢ ተባልኩ።

አዲሱ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥኩ። ለመቶ አርባ የመለሰው መሣሪያ መለያው ምን እንደሆነ አስፈለግኩት። ወጣ። መጨረሻ ላይ ያሉትን አራት ፊደሎች ሳይ አወቅኳቸው፤ ራውተሩን ስተክል ጀርባው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ላይ አንብቤ የመዘገብኩት የራሱ መለያ ነበር። ሌባ የለም። የተሰካ መሣሪያ የለም። በሌለ ሰው ስም ሲመልስ የኖረው የእኔው ራውተር ነው፣ ያዘዝኩትም እኔ ነኝ። ይህን ለማወቅ የፈጀብኝ አምስት ደቂቃ አይሞላም። በስድስተኛው ደቂቃ ተነሥቼ መናገር እችል ነበር።

ለምን አልተናገርኩም? በዚያ ሰሞን ለእድገት ታጭቼ ነበር። በክፍሉ ውስጥ ብቸኛዋ ሴት ባለሙያ ነበርኩ፣ አንድ ቀን የምትሳሳት መቼ ነው ብለው የሚጠብቁኝ ነበሩ። ይህ እውነት ነው። ግን እውነት ስለሆነ ምን ይሁን? ከእኔ የሚጠበቀው ሠላሳ ማስክ ሳልቀይር ሰርግ ሄድኩ ብሎ መናገር ነበር። ቢበዛ ማስጠንቀቂያ ይጻፍብኝ ነበር። እኔ የወረቀት ማስጠንቀቂያ ፈርቼ የሰው ስም ሰጠሁ።

የጻፍኩትን በቃል አስታውሰዋለሁ። «በዚህ አድራሻ ሌላ መሣሪያ ሲመልስ ተገኝቷል። የመሣሪያውን ባለቤት መለየት አልተቻለም።» የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እውነት ነው። ሁለተኛው ውሸት ነው። አያ ደሴ ናቸው አላልኩም፣ ስማቸውን አልጠራሁም፣ ብዬ ራሴን ስንት ቀን አጽናናሁ! ሌላ ስም በሌለበት ወረቀት ላይ ያንን መጻፍ የእሳቸውን ስም መጻፍ አልነበረም? ነበር። ስጽፈውም አውቅ ነበር።

ኮሚቴው ማስረጃ አልተሟላም ብሎ ከሥራ አላባረራቸውም። ከመዝገብ ግን ይራቁ ተባለና እብናት፣ ቅርንጫፍ ቢሮው ውስጥ፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆነው ተዛወሩ። የሰበካ ጉባኤው ሰዎችም ሳይጣሉ፣ ሳይቆጡ፣ ለጊዜው ብለው ባሕር መዝገቡን ተቀበሏቸው።

እሳቸው በሄዱ በመጀመሪያው ቅዳሜ ብቻዬን ቢሮ ገባሁ። ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ዞሬ ማስኩን አስተካከልኩ፣ ለአዲሱም ትክክለኛ ቁጥር ሰጠሁት፣ ከዚያ ራውተሩ ውስጥ ገብቼ ያችን መስመር አጠፋሁ። ያን አርብ መሥራት የነበረብኝን ሁሉ አንድም ሳላጎድል ሠራሁ። ሰኞ አቶ መላኩ ማስጠንቀቂያው እንደጠፋ አየ። አያችሁ፣ አያ ደሴ በሄዱ በሳምንቱ ቀጥ አለ አለ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ኮሚቴው ያጣውን ማስረጃ ያሟላሁላቸው እኔ ነኝ። ቀኑን እንኳ ለማራቅ አላሰብኩም። ምናልባትም አስቤ ይሆናል፤ ይህን አሁን ራሴም መለየት አቃተኝ።

ከወራት በኋላ የገበሬው ልኬት ጉዳይ ተጣራ። የመስክ ወረቀቱ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ የተፈጠረ ስህተት ሆኖ ተገኘ፣ ታረመ፣ ተዘጋ። ይህን ሰምቶ ታዲያ አያ ደሴስ ያለ ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩም። እድገቱን አግኝቼ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ለመስመር ዝርጋታ እብናት ተላክሁ። የከብት ገበያ ቀን ነበር፣ አቧራው አያድርስ ነው። አያ ደሴን ላለማግኘት ሥራዬን ቶሎ ልጨርስ ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን የደብረ ታቦር ሰው መጣ ሲባል ሰምተው ራሳቸው ፈልገው መጡ። እጄን ይዘው ወደ ግምጃ ቤቱ አስገቡኝ። የልኬት ገመድ፣ ችካል፣ የተሰበረ ወንበር፣ የቆርቆሮ ሙቀት። ያለችውን አንዲት ደህና ወንበር ለእኔ ሰጥተው እሳቸው ሣጥን ላይ ተቀመጡ። ስለ ባሌ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ቢሮው ሰው አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ስለ አቶ መላኩም በደህና ጠየቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ አንቺ የምታውቂው ነገር ስለሆነ ልጠይቅሽ። ያን ጊዜ፣ በዚያች ላፕቶፕ፣ ሳላውቀው የነካሁት ነገር ይኖር ይሆን?»

ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነበር። የሚጠይቁኝ ሊያጠምዱኝ አልነበረም። በእውነት ሊያውቁ ፈልገው ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ራሳቸውን ሲመረምሩ ኖረዋል። ከእኔ የሚፈለገው አንድ «የለም» ነበር። ምክንያቱን እንኳ ባልጠየቁኝ።

«ሊኖር ይችላል፣ አያ ደሴ» አልኩ።

አዎ፣ እንዲህ አልኩ። የመጀመሪያውን ጊዜ ደንግጣ ነው ልትሉ ትችላላችሁ። ይህን ያልኩት ግን ሁለት ዓመት ካሰብኩበት በኋላ፣ በቀን ብርሃን፣ የሰጡኝ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔም እንደሱ ብዬ ነው። አለማወቅም ኃጢአት አለው። ለንስሐ አባቴ ነግሬ ቀኖና ተቀበልሁ፤ ጾሙንም ጾምሁ፣ በቀን አርባ አንድ አርባ አንድ እየሰገድሁ ጨረስሁት። አንቺ የምታውቂው ስትነግሪኝ ደግሞ ቀለለኝ። እግዜር ይስጥሽ።»

አመሰገኑኝ። እስከ በሩ ሸኙኝ፤ ደፉን ሲሻገሩ ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው አየኋቸው። ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ጠረጴዛ ላይ የረሳሁት መሣሪያ እንዳለ ሳስብ ነበር የሄድኩት። ሰው በዚህ ሰዓት ስለ ዕቃ ያስባል? እኔ አሰብኩ።

ይህን ዛሬ ለምን እጽፋለሁ? ሕሊናዬ ነቅቶ ነው ብል ውሸት ነው፣ ስድስት ዓመት ያልነቃ ሕሊና። አያ ደሴ ዘንድሮ ጡረታ ወጥተው ወደ ደብረ ታቦር ተመልሰዋል። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰበካ ጉባኤ ምርጫ ነበር። አንድ ሽማግሌ ለጸሐፊነት አያ ደሴን ጠቆሙ። ከኋላ አንድ ሰው ተነሥቶ፣ በጨዋ አነጋገር፣ እሳቸው እንኳ ያች የመዝገብ ነገር አለችባቸው፣ ባይነካ ይሻላል አለ። ጠቋሚውም ተቀመጡ። አያ ደሴ ከወንዶቹ በኩል ቆመው ነበር። አልተቆጡም፣ አልተከራከሩም። ልክ ነው እንደሚል ሰው አንገታቸውን ደፉ። እኔ ከሴቶቹ በኩል ቆሜ ነጠላዬን አስተካከልኩ። እንደገና ዝም አልኩ ማለት ነው።

ቤቴ ገብቼ መጻፍ ጀመርኩ። ለመሥሪያ ቤቱ የሚገባው ወረቀት አልቋል፤ መለያው፣ ትእዛዟ፣ ያበራሁበትና ያጠፋሁበት ሁሉ አለበት፣ ፊርማዬም አለበት። የሚወሰንብኝን እቀበላለሁ። በሚመጣው እሑድ ደግሞ ያ ሰው በተናገረበት ቦታ፣ በዚያው ሕዝብ ፊት ቆሜ ይህን አነባለሁ። ራውተር ምን እንደሆነ የማያውቅ እንዲገባው ነው እንዲህ አብራርቼ የጻፍኩት። ባሌ ቅዳሜ ማታ ይሰማል፤ አስቀድሜ ብነግረው ቀስ ብለን እናስብበት ይለኛል፣ እኔም እሺ እላለሁ፣ ራሴን አውቃለሁ።

አያ ደሴን ይቅር በሉኝ አልላቸውም። ብላቸው ገና ሳልጨርስ ይቅር ይሉኛል፣ እግዜር ይስጥሽ ብለውም ይመርቁኛል፤ እኔ ቀሎኝ እገባለሁ። ያንን ከእሳቸው ልወስድ አይገባኝም። ስማቸውን እሑድ ልመልስ እችል ይሆናል፣ ሰው ካመነኝ። በዚያ ጉልበት የሰገዱትን ግን መመለስ አልችልም።